ያውቁ ኖሯል? የናፍጣ ጭስና የከባድ መኪና ሹፌር

በማለዳ ከእንጦጦ ራጉኤል ደጅ ቆሞ ወደ ደቡብ የተመለከተ ሰው አዲስ አበባን ከማየቱ በፊት በላይዋ የተጋደመውን ቡናማ ግርዶሽ ያያል። በዚያ ግርዶሽ ውስጥ የማገዶ፣ የአቧራና የቆሻሻ ቃጠሎ አለ። ከናፍጣ ሞተር የሚወጣውም ጭስ አለበት። ስለ ከተማዋ አየር ብዙ ተብሏል። ጭሱን ከሁሉ አስቀድሞ ስለሚተነፍሰው ሰው፣ ስለ ከባድ መኪና ሹፌርና አብሮት ስለሚያድረው ረዳት ግን የተባለው ትንሽ ነው። የዛሬው ዓምድ ለእነሱና ለቤተሰቦቻቸው ነው።

ያውቁ ኖሯል? የናፍጣ ሞተር ጭስ ካንሰር እንደሚያመጣ በይፋ የተነገረው ሰኔ 5 ቀን 2004 ዓ.ም. ነው። ውሳኔውን ያሳለፈው በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ያለውና መቀመጫው በፈረንሳይ ሊዮን ከተማ የሆነው ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ነበር። ይኸው ኤጀንሲ በ1980 ዓ.ም. ጭሱን «ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም» ከሚላቸው ነገሮች ጋር መድቦት ነበር። ከ24 ዓመት በኋላ ግን ማስረጃው በመጠንከሩ ሲጋራ፣ አስቤስቶስና አልኮል ወዳሉበት ወደ አንደኛው ምድብ አሸጋገረው። አንድ ነገር ግን መለየት አለበት። ምድቡ የሚናገረው ማስረጃው ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆነ ነው፤ በምድቡ ያሉት ሁሉ እኩል ይገድላሉ ማለት አይደለም። ጭስ መተንፈስ ይህን ያህል ፓኮ ሲጋራ ከማጨስ ጋር እኩል ነው የሚል ሰው ቢያጋጥምዎ አይቀበሉት። አደጋው ማጋነን ሳያስፈልገው በራሱ ከባድ ነው።

ለውሳኔው ትልቅ ማስረጃ የሆኑት የማዕድን ሠራተኞች ናቸው። በአሜሪካ 8 የማዕድን ማውጫዎች ውስጥ የሠሩ 12,315 ሰዎች ለረጅም ዓመታት ተጠንተው ነበር። ከመሬት በታች በናፍጣ በሚሠሩ ማሽኖች መካከል ከሠሩት ውስጥ ከፍተኛውን ጭስ የተነፈሱት፣ ዝቅተኛውን ከተነፈሱት ጋር ሲነጻጸሩ፣ በሳንባ ካንሰር የመሞታቸው ዕድል ወደ 3 እጥፍ የተጠጋ ሆኖ ተገኘ።

ሹፌሮቹም ተጠንተዋል። በዚያው በአሜሪካ በጭነት ማጓጓዣ ድርጅቶች ውስጥ የሚሠሩ 31,135 ወንዶች ለ15 ዓመት ያህል ክትትል ተደርጎባቸው በ2000 ዓ.ም. ውጤቱ ታተመ። በመንገድ ላይ በቆዩ ሹፌሮች ላይ የሳንባ ካንሰር ሞት ከፍ ብሎ ታየ፤ በሥራው ላይ ዓመት በጨመረ ቁጥርም አደጋው ይጨምር ነበር። የሹፌሩ አደጋ ከመሬት በታች ካለው ሠራተኛ ያነሰ ነው። ሹፌሩ ግን ከማዕድን ሠራተኛው በቁጥር ብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ያውቁ ኖሯል? ያው መኪና በዚያው ናፍጣና በዚያው ሹፌር እጅ እንጦጦ ላይ፣ ጅቡቲ ወደብ ላይ ከሚያጨሰው በላይ ሊያጨስ ይችላል። ምክንያቱ ከፍታው ነው። አዲስ አበባ በአማካይ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን የእንጦጦ ተራራ ራስ ደግሞ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። በዚያ ከፍታ አንድ ጊዜ ወደ ሞተሩ የሚገባው አየር የያዘው ኦክስጅን በባሕር ወለል ካለው 70 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። ናፍጣው ግን አይቀንስም፤ የናፍጣ ፖምፓው በተስተካከለበት ልክ መርጨቱን ይቀጥላል። ኦክስጅን ያላገኘው ናፍጣ በሙሉ ስለማይቃጠል ጥቁር ካርቦን ሆኖ በማርሚታው ይወጣል። ቱርቦ ያለው ሞተር አየር እየጨመቀ ጉድለቱን በመጠኑ ይክሳል፤ ቱርቦ የሌለው አሮጌ ሞተር ግን ጉልበቱም ይደክማል፣ ጭሱም ይጠቁራል። ሹፌሩ ጉልበት ሲያጣ ነዳጁን ይበልጥ ይረግጣል። ጭሱም በዚያው ይብሳል።

ከአዲሱ ገበያ ወደ ሱሉልታ የሚወጣው የጎጃም መንገድ የዚሁ የእንጦጦ ሰንሰለት ትከሻ ላይ ያልፋል። ከደርባ ሲሚንቶ የጫኑ፣ ወደ ጎጃም ሸቀጥ የሚያደርሱ፣ ድንጋይና አሸዋ የሚያመላልሱ ሲኖትራኮችና ተሳቢዎች በዝቅተኛ ማርሽ ተራ ይዘው ይሄዱበታል። በአቀበት ላይ በዝግታ ተሰልፎ የሚሄድ ሹፌር በዋናነት የሚተነፍሰው የፊተኛውን መኪና ጭስ ነው። ፊት ለፊትዎ የሚያጨስ መኪና ካለ ርቀት መተው አደጋን ለመከላከል ብቻ ሳይሆን ለሳንባም ይጠቅማል፤ ጭሱ በጥቂት ሜትሮች ውስጥ ከአየር ጋር ተቀላቅሎ በፍጥነት ይሳሳል።

ጉልበት ይጨምራል ተብሎ ጋራዥ ውስጥ ፖምፓው ላይ ናፍጣ ማስጨመር ጥቁሩን ጭስ ከሚያባብሱት ነገሮች አንዱ ነው። ከፍታ ላይ የጎደለው አየር እንጂ ናፍጣ አይደለም፤ በዚህ ምክንያት የተጨመረው ናፍጣ ብዙው በጭስ መልክ ይባክናል። ገንዘቡም የሚከፈለው ከሹፌሩ ወይም ከባለንብረቱ ኪስ ነው።

የጭሱ ቀለም ሕመሙን ይናገራል። ጥቁር ከሆነ አየር አንሷል ወይም ናፍጣ በዝቷል፤ በመጀመሪያ የአየር ፊልትሮውን፣ ቀጥሎ ኖዝሎችንና ፖምፓውን ያሳዩ። ሰማያዊ ከሆነ ሞተሩ ዘይት እያቃጠለ ነው። ነጭ ጭስ በብርድ ጠዋት ሞተር ሲነሳ ታይቶ ቢጠፋ አያሳስብም፤ ሞተሩ ሞቆም ካልጠፋ ግን ያልተቃጠለ ናፍጣ ወይም ወደ ሞተሩ የገባ ውሃ ሊሆን ይችላል። በአቧራ መንገድ የሚሠራ መኪና ፊልትሮው ቶሎ ይደፈናል፤ በሰዓቱ የጸዳ ወይም የተቀየረ ፊልትሮ ጭስ ለመቀነስ ከሚወሰዱት እርምጃዎች ሁሉ ርካሹ ነው።

ያውቁ ኖሯል? ከናፍጣ ሞተር የሚወጣው ብናኝ አብዛኛው ከአንድ ማይክሮ ሜትር ያነሰ ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት ከ50 እስከ 70 ማይክሮ ሜትር ይደርሳል። አፍንጫና ጉሮሮ ትልልቁን አቧራ ይይዛሉ፤ ይህን ያህል የደቀቀውን ግን ማስቀረት አይችሉም፤ አየርና ደም እስከሚገናኙበት የሳንባ ከረጢት ድረስ ይዘልቃል። በብናኙ ላይ ደግሞ ካንሰር የሚያመጡ ውህዶች ተለጥፈው አብረው ይገባሉ። ስለዚህ ዓይን ያየው ጥቁር ጭስ የአደጋው ከፊሉ ብቻ ነው። የማይታየው ብናኝም እዚያው አለ፤ ዓይንና ጉሮሮ የሚያቃጥለው ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድም በትንሽ መጠን አይታይም።

ሳንባ ብቻም አይደለም። በስኮትላንድ ኤደንብራና በስዊድን ኡሜዎ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ቀደም ሲል ድንገተኛ የልብ ሕመም አጋጥሟቸው ያገገሙ 20 ወንዶችን መረጡ። ሰዎቹ የብስክሌት ፔዳል እየመቱ አንድ ጊዜ ንጹሕ አየር፣ ሌላ ጊዜ የተበረዘ የናፍጣ ጭስ ለአንድ ሰዓት ተነፈሱ። በ2000 ዓ.ም. መጀመሪያ የታተመው ውጤት እንዳሳየው በጭሱ ውስጥ ሲሠሩ የልብ ጡንቻቸው የደም እጥረት ምልክት ከንጹሕ አየሩ በላይ ጎላ ብሎ ታየ፤ የረጋ ደም የማሟሟት አቅማቸውም ቀነሰ። ሰዎቹ ሕመም አልተሰማቸውም። የደም ግፊት ያለበት፣ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብሎ የሚውል፣ ጨው የበዛበት ምግብ በየመንገዱ የሚበላ ሹፌር ይህን ጥናት ልብ ሊለው ይገባል። ይኸው የጥናት ቡድን ቆየት ብሎ ጭሱ በማጣሪያ ሲያልፍ በደም ሥር ላይ የሚደርሰው ጉዳት እንደሚጠፋ አሳይቷል።

ያውቁ ኖሯል? ለንደን ውስጥ 60 የአስም ሕመምተኞች አንድ ቀን ኦክስፎርድ ስትሪት በተባለው ጎዳና፣ ሌላ ቀን በአቅራቢያው ባለው ሃይድ ፓርክ ለሁለት ሁለት ሰዓት እንዲራመዱ ተደርጎ ነበር። ጎዳናው ላይ ይሄዱ የነበሩት የናፍጣ አውቶቡሶችና ታክሲዎች ብቻ ነበሩ። በጎዳናው ሲሄዱ የሳንባቸው ጉልበት እስከ 6 በመቶ ወረደ፤ በመናፈሻው የወረደው 2 በመቶ እንኳ አልሞላም። ከሽሮ ሜዳ እስከ እንጦጦ ማርያም በአስፋልቱ ዳር ለሚወጣና በባሕር ዛፉ መካከል ባለው የእግር መንገድ ለሚሄድ ሰው ያለው ልዩነት ከዚህ ብዙም የሚርቅ አይመስለኝም። መስከረም 30 ቀን 2013 ዓ.ም. የተመረቀው የእንጦጦ ፓርክ በውስጡ የእግር መንገዶች አሉት። ምርጫ ያለው ሰው ከአስፋልቱ ዳር ርቆ ይሂድ።

ምርጫ የሌላቸውም አሉ። ከእንጦጦ ደን ማገዶ ተሸክመው የሚወርዱት እናቶች በዚያው አስፋልት ዳር ጎንበስ ብለው ያልፋሉ። ሸክም ያለው ሰው ትንፋሹ ይፈጥናል፣ ይጠልቃልም፤ ባዶ እጁን ከሚሄደው ይልቅ ብዙ አየር፣ ከአየሩም ጋር ብዙ ጭስ ይስባል። ለነሱ መኪና ቀስ አድርጎ ከማሳለፍ ባሻገር አጠገባቸው ሲደርሱ ነዳጅ አለመርገጥ ሹፌር ሊያደርገው የሚችለው ደግነት ነው።

የተበከለ አየር ፈርቶ ከታላቅ ውድድር የቀረ ሰው የኛው ነው። በእንጦጦ ሲለማመድ የኖረውና አስም ያለበት ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ2000 ዓ.ም. የቤጂንግ ኦሊምፒክ ማራቶንን በከተማዋ የአየር ብክለት ምክንያት እንደማይሮጥ አስታወቀ። በዚያ ኦሊምፒክ 10 ሺህ ሜትሩን ሮጦ 6ኛ ወጣ። ከአንድ ወር በኋላ፣ መስከረም 18 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ በርሊን ላይ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ጨርሶ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ።

ጋቢና ውስጥ መሆን በራሱ ከጭስ አያድንም። ጭሱ በመስኮት፣ በአየር ማስገቢያው፣ ከሁሉ የከፋው ደግሞ በራሱ መኪና በተበሳ ማርሚታና ማርሚታው ከሞተሩ ጋር በሚገናኝበት በላላ ቦታ በኩል ወደ ሹፌሩ ይደርሳል። ጋቢና ውስጥ ጭስ የሚሸት ከሆነ መጀመሪያ መፈተሽ ያለበት ያ መገናኛ ነው። በተጨናነቀ መንገድ መስኮት ዘግቶ አየሩ ከውጭ እንዳይገባ ማድረግ ብናኙን በብዙ ይቀንሳል። ለረጅም ጊዜ እንደተዘጋ ከቆየ ግን የራስዎ ትንፋሽ ይጠራቀምና ድካምና እንቅልፍ ያመጣል፤ መንገዱ ነጻ ሲሆን መስኮቱን ከፍተው ያናፍሱ።

ያውቁ ኖሯል? በደሴ መንገድ፣ ከደብረ ሲና በላይ ያለው የጣርማ በር ዋሻ ጣሊያኖች የሠሩት ሲሆን የሚገኘው ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። ሁለት ችግሮች እዚያ ይገናኛሉ፤ አየሩ ስስ ነው፣ ጭሱም የሚወጣበት ሰፊ ሰማይ የለውም። ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው ሽታ አልባ ጋዝ ከደም ጋር የሚጣበቀው ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በርትቶ ነው። የናፍጣ ሞተር ይህን ጋዝ ከቤንዚን ሞተር ያነሰ ያወጣል፤ ደጋ ላይ ግን ደሙ ቀድሞውኑ ኦክስጅን ያነሰው ስለሆነ ትንሹም ይበዛል። ዋሻ ውስጥ ተሰልፈው ከቆሙ ሞተር ያጥፉ፣ መስኮት ይዝጉ። ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ በዋሻ፣ በተዘጋ ጋራዥ ወይም በመጋዘን ውስጥ ከጀመረዎ ድካም ነው ብለው አይለፉት፤ ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር ይውጡ።

ከኢትዮጵያ የውጭ ንግድ ጭነት ከ90 በመቶ በላዩ የሚያልፈው በጅቡቲ በኩል ነው። በጋላፊ ድንበር፣ በሚሌ ጉምሩክ፣ በሞጆ ደረቅ ወደብ ወረፋ መጠበቅ የሹፌር ሕይወት አካል ነው። በአፋር ሙቀት ሞተሩን ለማቀዝቀዣው ሲባል ሳያጠፉ ጋቢና ውስጥ መተኛት የተለመደ ነው፤ ማንም በዚያ ሙቀት ሊወቅሳቸው አይገባም። ነገር ግን መቶ መኪና ጎን ለጎን ቆሞ ሞተሩ ሲሠራ ሌሊቱን የሚያድር ሰው የራሱን ብቻ ሳይሆን የዘጠና ዘጠኙን ጭስ ይተነፍሳል። ጥላ ያለው፣ መጸዳጃና መኝታ ያለው የማረፊያ ቦታ ለሹፌር ቅንጦት ተደርጎ ይታያል። እኔ ግን ከጤና ተቋም ለይቼ አላየውም። እስከዚያው ድረስ ነፋሱ ከሚመጣበት ወገን፣ ከሰልፉ ጫፍ መቆም ይረዳል።

መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባ ጅቡቲ የባቡር መስመር በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው። በባቡር የሄደ ኮንቴይነር በመንገዱ ላይ የናፍጣን ጉዞ ይቀንሳል።

አሁን ወደ ልማዶቻችን። ጭስ ወይም ሲሚንቶ የተነፈሰ ሰው ወተት ቢጠጣ ሳንባው ይጠራል የሚለው እምነት በሹፌሮች፣ በቀለም ቀቢዎችና በሲሚንቶ ጫኞች ዘንድ የታወቀ ነው። ወተት ወደ ጨጓራ ይሄዳል፤ ሳንባ ጋ አይደርስም። ምግብነቱ ጥሩ ነው፣ መድኃኒትነቱ ግን የለም። እምነቱ የሚጎዳው ወተቱን ጠጥቻለሁ ብሎ ሌላውን ጥንቃቄ የተወውን ሰው ነው።

ናፍጣን በጎማ ቱቦ በአፍ መሳብ ከዚህ ሁሉ በላይ ፈጣን አደጋ አለው። ጥቂት ጠብታ እንኳ ወደ አየር ቧንቧ ከገባ ሳንባ ላይ ብርቱ ቁጣ ያስነሳል፤ ሳልና ትኩሳት ይከተላል፣ ይገድላልም። የዋጠ ሰው ካለ በግድ አያስመልሱት፤ ሲወጣ ሁለተኛ ጊዜ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ፈጥነው ሐኪም ቤት ይውሰዱት። ለዚህ ሥራ የእጅ ፖምፕ አለ፤ ረዳቱ ወጣት ነውና ይህን የሚማረው ከሹፌሩ ነው።

እጅ ላይ ያለ ግራሶን በናፍጣ መታጠብም እንደዚሁ ይጎዳል። ናፍጣ የቆዳን ቅባት ያጥባል፤ ቆዳው ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ይቆስላል። ሳሙናና ትንሽ የምግብ ዘይት ግራሶውን ያነሳሉ።

በነጠላ ጫፍ ወይም በጨርቅ አፍን መሸፈን አቧራ ይከላከላል፤ የናፍጣን ብናኝ ግን አያስቆምም። ኤን 95 የተባለው ጭምብል ፊት ላይ በደንብ ከገጠመ ብናኙን ይይዛል፤ ጋዞቹን ግን አይይዝም።

ያውቁ ኖሯል? ጭሱን ከምንጩ ማስቀረት ይቻላል። አውሮፓ በ1984 ዓ.ም. ገደማ ለከባድ መኪና ባወጣችው የመጀመሪያ ደረጃ አንድ ሞተር በኪሎዋት ሰዓት እስከ 0.36 ግራም ብናኝ ማውጣት ይፈቀድለት ነበር። ዩሮ 6 ይህን ወደ 0.01 ግራም አወረደው፤ 36 ጊዜ ያነሰ ማለት ነው። ለዚህ ከረዱት መካከል በማርሚታው ላይ የተገጠመው የብናኝ ማጣሪያና ድኝ የሌለው ናፍጣ ይገኙበታል። ሁለቱ አይነጣጠሉም፤ ድኝ የበዛበት ናፍጣ ማጣሪያውን ያበላሸዋል። ስለዚህ አዲስ መኪና ማስገባት ብቻውን አይበቃም፤ የሚገባው ነዳጅ ጥራትም አብሮ መታየት አለበት። ማጣሪያ ያለው መኪና ገዝቶ ተደፈነብኝ ብሎ ማጣሪያውን የሚያስወልቅ ባለንብረት ያወጣውን ገንዘብም የሹፌሩንም ጤና ያባክናል።

ሹፌሩን ከጭስ መጠበቅ በሕጋችንም መሠረት አለው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢን የሰው መብት አድርጎታል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤና እንዲጠብቅ ያዛል፤ በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታንም ያውቃል። ከባድ መኪና መንዳት ሥራ ነው፣ ጋቢናውም የሥራ ቦታ ነው። በዚህ ዓይን ሲታይ የተበሳ ማርሚታ ማስጠገን ሹፌሩ የሚለማመጥበት ጉዳይ አይሆንም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ባወጣው መመሪያ የደቃቅ ብናኝ የዓመት አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ5 ማይክሮ ግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። በእንጦጦ መንገድ የሚገኘው የአሜሪካ ኤምባሲ ለዓመታት ብናኙን እየለካ ለሕዝብ ያሳይ ነበር፤ የከተማዋ አማካይ ከዚህ ምክር በብዙ እጥፍ ይበልጥ ነበር። አሜሪካ በ2017 ዓ.ም. የካቲት የኤምባሲዎቿን ልኬት ለሕዝብ ማሳየት አቆመች። የራሳችን መለኪያዎች በሹፌሮች መንገድ ላይ፣ በአቀበቱና በመናኸሪያው፣ ቢቆሙ ምኞቴ ነው።

ወደ እንጦጦ በሚወጣው መንገድ ያለው የቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል በመጀመሪያ የተቋቋመው ለሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን ነው። ሳል ሁለት ሳምንት ካለፈው የጭስ ሳል ነው ብሎ መቀመጥ አይገባም፤ በመጀመሪያ የአክታ ምርመራ ያስፈልጋል። ነቀርሳው ከሌለ ደግሞ ሳሉ ከየት እንደመጣ መፈለግ ይቀራል። ደም የተቀላቀለበት አክታ፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ ደረጃ ሲወጡ ከወትሮው የባሰ ትንፋሽ ማጠር ቀጠሮ የሚሰጣቸው ምልክቶች አይደሉም።

ሐኪም ቤት ሲሄዱ ሥራዎ ምን እንደሆነ ሳይጠየቁ ይናገሩ። ስንት ዓመት እንደነዱ፣ መኪናው ያጨስ እንደሆነ፣ ጋቢና ውስጥ ያድሩ እንደሆነ፣ ሲጋራ ያጨሱ እንደሆነ፣ በየትኛው መስመር እንደሚሠሩ ዘርዝረው ያስጽፉ። ሐኪሙ የራጅ ፊልሙን የሚያነበው ይህን አውቆ ሲሆን የሚፈልገው ነገር ይለያል። ረዳትዎም ሲታመም ይህንኑ እንዲያደርግ ይንገሩት።